ሕጉን ነው ወይስ ስልክ ቁጥሩን የሚገዙህ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ደብረ ማርቆስ የምሠራ የፍትሐ ብሔር ዐቃቤ ሕግ ነኝ። ሥራዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ወክዬ መከራከርና ውል መመርመር ነው። የኢንቨስትመንት መሬት ውል፣ የግንባታ ውል፣ የግዢ ውል፣ ቀኑን ሙሉ ውል ሳነብ እውላለሁ። ደመወዜ ግን ከወር ወር አላደርስ ብሎኛል። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ሁለት ልጆች አሉን።

ሰሞኑን የዘይትና የዱቄት አምራቾች ያሉበት አንድ ማኅበር ሰው ላከብኝ። 'ልቀቅና የጥብቅና ፈቃድ አውጣ። እኛ በወር ክፍያ እንይዝሃለን። ከመንግሥት ጋር ያለብንን ጉዳይ አንተ ትከታተልልናለህ' ነው ያሉኝ። ችግሩ፣ ከማኅበሩ አባላት የአንዱን የመሬት ውል የመረመርኩት እኔው ነኝ። አጎቴን ባማክረው 'ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል' አለኝና ዝም አለ። ባለቤቴ ደግሞ 'ነገ አገሩ ሁሉ ሸጦን ሄደ ይልሃል' ትላለች። እርስዎ በዚሁ መንገድ አልፈዋል ሲባል ሰምቼ ነው የጻፍኩልዎ። ልልቀቅ? ብለቅስ እንዴት አድርጌ?»

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አጎትህን ሰላም በልልኝ። ተረቱ ግን ላንተ አይሆንም። ያ ተረት የመጣው ሹመት ከነጉልቱ ይሰጥ ከነበረበት ዘመን ነው። ሹሙ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚበላው ከባላገሩ ነበር። ዛሬ ሲሾም የበላ ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ ከአጎትህ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ክሱን የሚጽፉት የጎረቤት ቢሮ ጓደኞችህ ናቸው።

ደመወዝ አላደርስ አለኝ ብሎ መልቀቅ ነውር የለውም። እዚሁ ማርቆስ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ቢሮ ከፍተው ከተቀመጡት ጠበቆች ስንቱ የቀድሞ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እኔም አንዷ ነኝ። ከዐቃቤ ሕግነት ወጥቼ ጠበቃ ሆንኩ። ከዚያ አዲስ አበባ የአንድ አምራቾች ማኅበር የሕግ አማካሪ ሆኜ ሠራሁ። አሁን ዓባይን ተሻግሬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ አትልቀቅ የምል ሰው አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር ሳታጣራ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳትጽፍ። እነዚህ ሰዎች የሚገዙት ምንህን ነው? ሕግ ማወቅህን ነው ወይስ ሰው ማወቅህን?

ሰው ማወቅህን ከሆነ ዕቃው ቶሎ ይበላሻል። አገራችንን ታውቃታለህ፤ ሹም ሽር አያልቅባትም። ዛሬ ስልክህን ቶሎ የሚያነሳው የመምሪያ ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት ወይ ሌላ ዞን ተዛውሯል ወይ ወርዷል። ያኔ የማኅበሩ ሰዎች «አዲሱንስ ታውቀዋለህ?» ይሉሃል። አላውቀውም ካልክ በማግስቱ ሌላ ሰው መፈለግ ይጀምራሉ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ግን ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ሥራ ይበዛለታል። አዲሱ ኃላፊ ነገሩን ከሥሩ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋላ።

እንዴት ታጣራለህ? ቀላል ነው። የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ አምጡ በላቸው። ረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት ማዘጋጀት፣ የአባላትን ውል ማርቀቅ፣ በታክስ ይግባኝ መከራከር፣ አዲስ አዋጅ ሲወጣ አባላትን ማሠልጠን የሚል ነገር ካመጡ ተቀመጥና ተነጋገር። «ያው አንተ ታውቀዋለህ እኮ» ብለው ፈገግ ካሉ ግን ተነሥተህ ውጣ። የሻዩን እነሱ ይክፈሉ።

ክፍያውንም እየው። በወር የተቆረጠ ገንዘብ ከሆነ ደኅና። «ጉዳዩ ካለቀ ይህን ያህል እንሰጥሃለን» ካሉ ግን እምቢ በል። ለፍርድ ቤት ክርክር በውጤት መዋዋል አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ዳኛ አለ፣ ተቃራኒ ወገን አለ፣ መዝገብ አለ። ቢሮ ለቢሮ ለሚያልቅ ጉዳይ በውጤት የሚከፈል ገንዘብ ግን ጠያቂው ብዙ ነው። ግማሹ የት ገባ? ለማን ተሰጠ? ምንም ባታደርግ እንኳ ማስረዳቱ ያንተ ዕዳ ይሆናል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ን አንተ ታውቀዋለህ። የሚያስቀጣው ጉቦ የተቀበለውን ሹም ብቻ አይደለም። እከሌ ዘንድ ተሰሚነት አለኝ ብሎ በዚያ ስም ጥቅም የሚቀበለውንም ይይዛል። ከቢሮ የወጣ ሰው ቶሎ የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት።

አሁን ወደ መረመርከው ውል። የደብዳቤህ ዋና ነገር ለእኔ እሱ ነው። አንተ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍከው።

ገና ሳትለቅ ሥራህ ይጀምራል። ማኅበሩ ሰው የላከብህ ዕለት ሁኔታው ተቀይሯል። ስለዚህ ለኃላፊህ በአጭር ማስታወሻ አሳውቅ፦ «ከእንዲህ ያለ ማኅበር የሥራ ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ የአባላቱ ፋይል ለሌላ ባለሙያ ይተላለፍ» ብለህ። ቀንና ፊርማ ይኑረው። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገህ ቅጂውን ያዝ። ኃላፊህ ፊቱን ሊያጠቁርብህ ይችላል። ያጥቁር። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ተነሥቶ «ያን ውል የመረመረው እኮ ቃል ተገብቶለት ነው» ቢል፣ መልስህ ያቺ ወረቀት ናት።

ከለቀቅህ በኋላ ያን የመሬት ውል ለማንም ወገን እንዳትነካው። ሊታደስ ሲል አትነካውም፤ ክርክር ሲነሣ አትነካውም፤ «ምክር ብቻ» ሲሉህም አትነካውም። ከማኅበሩ ጋር በምትፈርመው ውል ላይም አንቀጽ አስገባበት፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ የያዝኳቸውን ጉዳዮች አልይዝም የሚል። ካልተቀበሉ ከመጀመሪያው የፈለጉት ምን እንደነበር ተገለጠልህ ማለት ነው።

ከቢሮ ስትወጣ ፍላሽ ይዘህ እንዳትወጣ። ብዙ ሰው «የራሴ ጽሑፍ ነው» እያለ የሠራውን አስተያየትና ረቂቅ ሁሉ ቀድቶ ይሄዳል። ያንተ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሌላ ቀርቶ ኃላፊው በክርክር ጊዜ «እስከዚህ ድረስ ከመጡ እንታረቃለን» ያለህን ማወቅህ ብቻ ሚስጥር ነው። እሱን ከአእምሮህ መፋቅ አትችልም። አፍህን ግን መዝጋት ትችላለህ።

አሜሪካኖች ይህን ነገር በወንጀል ሕጋቸው አስረውታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ራሱ በቁም ነገር በተሳተፈበት ጉዳይ ላይ፣ ከለቀቀ በኋላ ሌላውን ወገን ወክሎ መንግሥት ፊት መቅረብ ዕድሜ ልኩን ክልክል ነው። ከፍተኛ ባለሥልጣን ከሆነ ደግሞ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ለማግባባት ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠብቃል። በሙያው የሚያግባባ ሰውም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቦ ለማን እንደሚሠራና ስንት እንደሚከፈለው ያሳውቃል። እኛ ዘንድ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 የጥቅም ግጭትንና የሚስጥር ጥበቃን አስቀምጧል። በሙያ ለሚያግባባ ሰው ግን እንደነሱ ያለ መዝገብ የለንም። ስለዚህ መለኪያውን አንተው ለራስህ አውጣ። እኔ ስወጣ ፊት ስከራከርበት ከነበረው መሥሪያ ቤት ጋር ለተወሰነ ጊዜ ምንም ጉዳይ አልይዝም ብዬ ነበር። ያመለጠኝ ገንዘብ አለ፤ አልዋሽህም።

ሀብትህን በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት አስመዝግበህ ከነበረም፣ ስትለቅ ማሳወቅ እንዳለብህ አትርሳ። ብዙ ሰው የሚረሳት ይቺን ነው።

ስለ ፈቃዱ በአጭሩ ልበል። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም ፈቃዱን የሚሰጥህ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው። የፌዴራሉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል። ያ አዋጅ ሁለት ትልልቅ ነገር አመጣ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ፣ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙም ፈቀደ። ሁለቱንም ፈቃድ አውጣ እልሃለሁ። ለምን? ጎጃም ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤት አታገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃውን ጉዳይ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛውን ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ያያሉ። የፋብሪካ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ አብዛኛው ጉምሩክ ነው፣ ታክስ ነው፣ ባንክ ነው። እዚሁ ማርቆስና ባሕር ዳር ተጀምሮ መጨረሻው አዲስ አበባ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ነው። የሰበር ውሳኔ ቅጾችን ከወዲሁ ማንበብ ጀምር። አምስት ዳኞች የሰጡትን አስገዳጅ ትርጉም ሳያውቅ አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ ደንበኛውን ገደል ነው የሚሰደው።

ወርሃዊ ክፍያ ስላለህ ሌላ ደንበኛ አያስፈልገኝም እንዳትል። ማኅበር ዛሬ አለ፤ ነገ አባላቱ መዋጮ ካቆሙ ይበተናል። የራስህ መዝገቦች ይኑሩህ። የባላገሩን የድንበርና የውርስ ክርክርም አትናቅ። እርግጥ ክፍያው ጤፉ ተወቅቶ ሲሸጥ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ደግሞ እስኪመጣ ድረስ ማር ይልክልሃል። የክፍያ ውልህን በጽሑፍ አድርግ፣ ደረሰኝ ቁረጥ። ያው ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይላል። እንደ ቅጣት አትየው። ሸጦን ሄደ የሚለውን ሰው አፍ የምታዘጋው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ፈቃድ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት ስሄድ ጥበቃው በልማዱ የሠራተኛውን በር ከፈተልኝ። «ግቢ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ባለጉዳዩ በወዲያኛው በር ተሰልፎ ይፈተሻል። ደንበኛዬም እዚያው ሰልፉ ውስጥ ናቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ያዩኛል። ዞሬ ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ። ጥበቃው ተቀየመኝ፤ ንቀት መስሎት ነበር። ደንበኛዬም ብዙ አልወደዱትም፤ በዚያኛው በር የሚያስገባ ጠበቃ ነበር የፈለጉት። ይህን የምነግርህ የሚቸግርህ የት ላይ እንደሆነ እንድታውቅ ነው። ፈተናው በሻንጣ ብር ይዞ አይመጣም። «አንተማ ቤተኛ ነህ» ብሎ በር ይከፍትልሃል። መዝገብ ቤት ስትሄድ ፋይሉን አውጥተው ይሰጡሃል። ዐቃቤ ሕጉ የነገውን መከራከሪያ ሻይ ላይ ይነግርሃል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ግን ተቃራኒ ወገንህ ይህን አላገኘም።

ወደ ማኅበሩ ሥራ ልግባ። ሰው ሎቢ፣ ማለትም ባለሥልጣንን በሙያ ማግባባት፣ ሲባል ሆቴል ውስጥ እራት መብላት ይመስለዋል። እኔ የማውቀው አብዛኛው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ማኅበሩ ራሱ ምንድን ነው? በንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 341/1995 የተቋቋመ ነው ወይስ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011? የምዝገባ ወረቀቱን አሳዩኝ በል። መተዳደሪያ ደንቡን አንብብ። በማን ስም እንደምትናገር ሳታውቅ መድረክ ላይ እንዳትወጣ። ሦስት ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚዘውሩት ማኅበር፣ የትንንሾቹን ዱቄት ቤቶች ድምፅ ተውሶ የትልልቆቹን ጉዳይ ሊያስፈጽምብህ ይችላል።

ቀጥሎ የምትይዘው መሣሪያ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። የማኅበር ጠበቃ ጓደኛው እሱ ነው። አንድ የፌዴራል ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ማሳወቅና አስተያየት መቀበል ግዴታው ነው። መመሪያው ሳይመዘገብና ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን አይሠራም። ሕግ ተጥሷል የሚል ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ያስከልሳል። አየህ፣ ለምነህ የምታገኘው የነበረውን ነገር በመብት ትጠይቀዋለህ። እርግጥ አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን ብቻ ነው የሚገዛው፤ ወረዳ ላይ ይዘኸው ብትሄድ ዋጋ የለውም። የክልሉን ሕግ ከፈለግህ ዝክረ ሕግ ጋዜጣን አገላብጥ።

በ2013 ቡሬና ማርቆስ ላይ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ከተመረቁ ወዲህ የዘርፉን ችግር የማይሰማ ጎጃሜ የለም። ጥሬ ዕቃ የለም፣ ዶላር የለም፣ መብራት ይቆራረጣል። ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ያንተ ሥራ አቤቱታውን መድገም አይደለም። ኑግና አኩሪ አተሩ የትኛው መመሪያ ላይ ነው የተያዘው? የትኛው አንቀጽ ቢቀየር ምን ይፈታል? መንግሥት ስንት ብር ታክስ ያጣል፣ በሌላ በኩል ስንት ያገኛል? ይህን ከአባላቱ ቁጥር ሰብስበህ ታዘጋጃለህ። ቁጥሩን ስታገኝ አጣራ። ነጋዴ ለታክስ ሲሆን ሽያጩን ዝቅ፣ ለአቤቱታ ሲሆን ኪሳራውን ከፍ አድርጎ ነው የሚሰጥህ። በስምህ የቀረበ የተጋነነ ቁጥር አንዴ ከተገኘብህ፣ ከዚያ በኋላ እውነቱንም የሚያምንህ የለም።

አዋጅ ሲሆን መንገዱን ታውቀዋለህ። ሚኒስቴሩ ያረቅቃል፣ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል፣ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል፣ ቋሚ ኮሚቴው የአስተያየት መድረክ ይጠራል። የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲረቀቅ የነበረውን ሙግት ታስታውሰው ይሆናል። እኔ በሌላ ረቂቅ ላይ ከተቀመጥኩበት መድረክ አንዱን ላንሣልህ። አንድ የፋብሪካ ባለቤት ተነሡና ድርጅታቸውን ከዜሮ እንዴት እንደጀመሩ ተረኩ። ሰው ሁሉ ልቡ ተነካ። የተሰጣቸው ደቂቃ አልቆ ሰብሳቢው ሲያቋርጧቸው ገና ወደ አንቀጹ አልደረሱም ነበር። ከእሳቸው ቀጥላ የተነሣች አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀድማ አድላለች። በግራ ያለው አንቀጽ፣ በቀኝ የምትፈልገው አንቀጽ፣ ከታች ምክንያቱ በሦስት መስመር። የኮሚቴው አባላት እስክሪብቶ ያነሡት ያን ጊዜ ነው። አንተም እንደሷ ሁን።

ደብዳቤ ስታስገባ ደግሞ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ሳትይዝ እንዳትመለስ። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እነግራቸዋለሁ» የሚል ትውውቅ ጉዳይህን ይገድለዋል። የቀድሞ ባልደረባህም ቢሆን ቁጥር ያስፈልግሃል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ኃላፊው ቢቀየርም ይቆያል።

ጡረታህን አስበኸዋል? አሁን አንተ 7 በመቶ፣ መንግሥት 11 በመቶ ያዋጣልሃል። ማኅበሩ በደመወዝ ከቀጠረህ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ትቀጥላለህ፤ የመንግሥት አገልግሎትህም ይያዝልሃል። የራስህን ቢሮ ከፍተህ በክፍያ ውል ብቻ ከሠራህ ግን ያንተን 11 የሚከፍልልህ የለም። የወር ክፍያውን ስትደራደር ይህን ደምረህ ተደራደር። ሰዎቹ የጠሩልህ ገንዘብ ከደመወዝህ እጥፍ ቢሆን እንኳ የቢሮ ኪራይ፣ ጸሐፊ፣ ታክስና የአዲስ አበባ ምልልስ ሲቀነስ ያን ያህል ላይተርፍህ ይችላል። ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ በወረቀት አስሉት።

ሸጦን ሄደ ይሉሃል ላለችው ግን ትክክል ናት፤ ይላሉ። ለእኔም ብለውኛል። የመጀመሪያውን የመስቀል በዓል ዘመድ ቤት ስሄድ «የሀብታሞቹ ጠበቃ መጣች» ተባልኩ። ትንሽ ይቆጠቁጣል። ሥራውን አይተው ነው የሚተዉህ እንጂ በክርክር አትረታቸውም።

እና ልልቀቅ ወይ ላልከው፦ የሥራ ዝርዝሩ በጽሑፍ ከመጣ፣ ክፍያው በውጤት ካልሆነ፣ የያዝካቸውን ጉዳዮች አልይዝም የምትለው አንቀጽ ከገባ፣ ልቀቅ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ደመወዙ ቢያንስም እዚያው ቆይ፤ ፈቃድህንም ለብቻው አስብበት። ሌላ ማኅበር አይጠፋም።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ዘንድሮ በሕግ የተመረቅሁ ልጅ ነኝ። መጨረሻዬ የኩባንያዎች ወይም የማኅበር የሕግ ባለሙያ መሆን ነው። ጓደኞቼ መንግሥት ቤት ገብተሽ ዓመታትሽን አታቃጥዪ፣ ቀጥታ ግል ግቢ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ከሞጣ

መልስ

ልጄ፣ ከቻልሽ መንግሥት ቤት ግቢ። ጓደኞችሽ ደመወዙን ነው ያዩት። ዐቃቤ ሕግ ወይም የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆነሽ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምታዪው የመዝገብ ብዛት፣ ግል ቢሮ ውስጥ የአለቃሽን ሻንጣ ይዘሽ ስትከተዪ አታገኚውም። መንግሥት ከውስጥ ሲወስን እንዴት እንደሚወስን፣ አንድ ፋይል ለምን ሦስት ወር እንደሚተኛ፣ ማን ሳይፈርም ማን እንደማይፈርም የሚታወቀው እዚያ ነው። በኋላ ኩባንያ የሚፈልግሽ ለዚህ ነው።

ግን ከመጀመሪያው ቀን «እዚህ የገባሁት ነገ ለመሸጥ ነው» ብለሽ እንዳትገቢ። እንደዚያ የሚያስብ ሰው መዝገብ ሲይዝ ከወዲያ ያለውን ሀብታም የወደፊት አሠሪው አድርጎ ነው የሚያየው። ክርክሩ ላይ ይለሰልሳል። ዳኛውም ባልደረባውም ያውቅበታል። በትንሽ ከተማ ስም ቶሎ ነው የሚሄድ።

ነጋሪት ጋዜጣ በወጣ ቁጥር የማንበብ ልማድ ያዢ። የታክስና የጉምሩክ ሕግ ብዙ ሰው ስለሚሸሸው፣ አንቺ አትሽሺው። ትንሽ የሒሳብ መዝገብ አያያዝም ተማሪ።

ጥያቄ

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ፍኖተ ሰላም የዱቄት ፋብሪካ አለኝ። ሰሞኑን ከፍ ያለ የፌዴራል ታክስ ውሳኔ ደረሰኝ። ፊት ታክስ መሥሪያ ቤት የነበረ፣ አሁን ጠበቃ የሆነ አንድ ሰው 'እኔ እጨርስልዎታለሁ፤ ከምትከፍሉኝ ግማሹ ላይ ላሉት ነው' አለኝ። ደረሰኝ አይሰጥም። የምስማማ ይመስልዎታል?»

ከፍኖተ ሰላም

መልስ

ጋሼ፣ እንዳይስማሙ። ሰውየው ገንዘቡን ላይ ላሉት ቢሰጥ እርስዎ ጉቦ ሰጪ ነዎት፤ ሕጉ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይቀጣል። ባይሰጥና ኪሱ ቢከተው ደግሞ ተበልተዋል፤ ክስም ማቅረብ ያፍራሉ። በሁለቱም መንገድ ታክሱ እዚያው አለ። ዛሬ በቃል «ተሰረዘልዎ» የተባለ ዕዳ በሚቀጥለው ኦዲት ከነወለዱ ይመጣል።

የተናገረውን ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። መጠቆም ከፈለጉ የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ። ጠቋሚን የሚጠብቅ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 699/2003። ይህን ለማድረግም ላለማድረግም የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ አገሩ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ።

አሁን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በውሳኔው ላይ ቅሬታ ማቅረቢያው 21 ቀን ነው። እዚያ ካልተሳካ ከሚከራከሩበት ታክስ የተወሰነውን አስይዘው ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳሉ። የሚያዋጣዎ ሒሳብዎን የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያና ደረሰኝ የሚቆርጥ ጠበቃ አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው። የግዢና የሽያጭ ሰነድዎን፣ የባንክ ዝርዝሩን፣ የስንዴ ግዢውን ወረቀት ዛሬውኑ ያሰባስቡ። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው እጅዎ ከገባበት ዕለት ነው እንጂ ሰውየው ካነጋገረዎት ዕለት አይደለም። ደብዳቤውን መቼ ፈርመው እንደተቀበሉ ይመልከቱ።